የዘንባባው ቀለበትና ስድስቱ ኮከቦች

ሳማት!

አልችልም፣ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ሳማት! በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጉንጯን ሳማት! አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ደሞ እንደገና በቀኝ።

በዚያ ሳምንት እኮ ሰው እጅ እንኳ አይጨባበጥም። ቄስ መስቀል አያሳልምም። ከሰኞ እስከ ፋሲካ መሳሳም የሚባል ነገር የለም፣ በቃ። እሱ ግን ሳማት።

ከዚያ ደሞ ጣቷ ላይ ቀለበት አጠለቀላት።

ዜማ ይሄን ሁሉ የምታየው ከመንገዱ ማዶ፣ ከጧፍ ሻጯ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጎን ተቀምጣ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዛለች። ጃንጥላው ከተዘረጋ መንገዱ ሰላም ነው። ከታጠፈ አደጋ አለ፣ ሁሉም ይበተን። ሥራዋ ይኸው ነው፤ መናኸሪያውን ዙሪያውን መቃኘት፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቆሞ ያያል የሚለውን መጠበቅ።

ዓይኗ ግን ሁለቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሌላ ምንም አላየችም።

ደሟ ፈላ።

እስቲ አስቡት፣ የዜማ የምስጢር ስም «ጤፍ» ነው። የዚያችኛዋ፣ የማርያማዊት፣ «ዕንቁ»! ስሙን ያወጣው ደሞ ራሱ ሳሚው ነው፣ ፍቅረ ሥላሴ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቁ ሞባይል ጠጋኝ ይመስላል እንጂ የደብረ ማርቆሱን የመንግሥት የስለላ ሥራ የሚመራው እሱ ነው። የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ያሠለጠናቸውም እሱ ስለሆነ «የኔታ» ይሉታል። ረጅም ነው፣ ጠይም ነው፣ ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ ይላል። ወይኔ! ዜማ ከሥልጠናው ጀምሮ አንድም ቀን ሳትነግረው ወዳው ቀረች።

«ጤፍ ያልኩሽ ትንሽ ስለሆንሽ ነው፣ ማንም አያይሽም» ብሏት ነበር አንዴ። ሙገሳ መስሎት!

«እሷስ? ለምን ዕንቁ?»

«እሷማ…» ብሎ ሳቀ።

ያቺ «እሷማ» ናት የገደለቻት። ማታ ስትተኛ «እሷማ»፣ ጠዋት ስትነሳ «እሷማ»።

ዜማ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የማዕድን ምርመራ ቤት ቴክኒሺያን ሆና ተቀጥራለች። ሽፋኗ ነው። ሥራዋ ድንጋይ መፍጨት፣ ናሙና ማዘጋጀት፣ ዕቃ ማጠብ። ቤቱን የሚመሩት ዶክተር አመተ ሥላሴ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በመጣ ድንጋይ ውስጥ ማንም መዝግቦት የማያውቅ ክሪስታል አገኙ። ባትሪ ቢሠራበት ስልክ አንዴ ተሞልቶ ወር ይቆያል ይላሉ። ወር! ችግሩ ድንጋዩ ጡጫ የምታክል አንድ ብቻ ነበረች፤ ለምርመራ እየተፈጨች አለቀች። የቀረው ግሪዷ ላይ ያለው ብቻ ነው። ግሪድ ማለት ከምስር ያነሰች፣ ክብ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳች የመዳብ ቅጠል ናት። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያዩት ነገር እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው።

አንድ የውጭ ኩባንያ ይሄን ሰምቷል። ናሙናውን ይዞ ቀድሞ ያስመዘገበ የክሪስታሉ ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ ግሪዷ በሰላም አዲስ አበባ መግባት አለባት። ተልእኮው ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ዜማን ወደ ጨለማው ክፍል ጠሯት።

«ነይ እዪ፣ ሳይሄድብን።»

ዜማ ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየች። አቤት! በጥቁሩ መሃል አንድ ደማቅ አረንጓዴ ነጥብ፣ በዙሪያዋ ስድስት ኮከቦች እኩል እኩል ተራርቀው፣ ከነሱ ውጪ ደሞ ሌሎች፣ ከነዚያም ውጪ ሌሎች።

«ኤሌክትሮኑን በስሱ ክሪስታል ውስጥ ስንለቀው አተሞቹ በተሰለፉበት መንገድ ይበትኑታል» አሉ ዶክተሯ። «እነዚህ ኮከቦች የሰልፉ ምልክት ናቸው። አሁን በሐሳብሽ ከዙሩ አንድ ስድስተኛ አዙሪው። ምን ተለወጠ?»

«ምንም!»

«አየሽ? እንደገና አዙሪው፣ ያው ነው። ጨው ፊት ለፊት ብናይ ግን አራት ማዕዘን ነው የሚሠራው፣ ራሱን የሚመስለው ሩብ ዙር ሲዞር ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል የራሱ አለው። እዚህ መስታወት ላይ ማስመሰል የለም።»

«ሰው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር ዶክተር፣ ከየትም ዞሮ ያው።»

«ተይኝ! የኔ ባል ቢዞር ቢዞር አንድ ቀን እንኳ ራሱን አይመስልም።»

ተሳሳቁ። ዶክተሯ ስለ ስለላው የሚያውቁት ነገር የለም። ዜማን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት።

ምሳ ሰዓት ላይ ዜማ የኔታ ሱቅ ሄደች። ደስ ብሏት እጇን ዘረጋችለት። የኔታ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ሕማማት ነው እኮ ጤፍ።»

«ረስቼው!»

«ስሚ። ግሪዷን በሆሳዕና ቀለበት ውስጥ ጎንጉነሽ ታመጫለሽ። አሁን ከተማው ሁሉ ዘንባባ ቀለበት አጥልቋል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ዕንቁ ረቡዕ ይዛው በቁይ በኩል ደብረ ወርቅ ትገባለች። እዚያ እማሆይ ይቀበሏታል።»

«እኔ ለምን አላደርሰውም? ክሪስታሉን የጠበቅኩት እኔ አይደለሁ?»

«አንቺ ጃንጥላ ያዢ።»

ጃንጥላ ያዢ!

ማርያምን፣ እኔ ብሆን እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር የምጮኸው። ዜማ ግን «እሺ የኔታ» ብላ ወጣች። ቀጥታ ወደ ላብራቶሪ። ዶክተሯ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ፋሲካ እስኪያልፍ አይመለሱም። ባዶ ግሪድ አነሳች። ጨው በውሃ አሟሟች። አንድ ጠብታ። አደረቀችው። ማሽኑ ውስጥ ከተተችና አየች።

አራት ማዕዘን። ጥርት ያለ፣ እንደ መስኮት።

ፈገግ አለች።

«ዕንቁዬ፣ እስቲ ጨው ተሸክመሽ ሂጂ።»

ሐሳቧ እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ ሲያዩት ጨው ይሆናል። ሁሉም «ዕንቁ ጣለችው፣ ዕንቁ አስለወጠችው» ይላል። ያኔ ዜማ እውነተኛውን ይዛ ብቅ ትላለች። የኔታም «ጤፍ ባትኖር ምን እንሆን ነበር» ይላል። አለቀ። ክፋት እኮ ነው፣ ደሞ በሕማማት! ግን ቅናት ሲይዝሽ ምን ታስቢያለሽ? የጨውን ግሪድ በቀጭን ላስቲክ ጠቅልላ ዘንባባው ውስጥ ጎነጎነቻት። እውነተኛዋን በባዶ የመድኃኒት ካፕሱል አድርጋ ሹሩባዋ ሥር ሸጎጠቻት።

እና ረቡዕ ያ ቀለበት ነው የማርያማዊት ጣት ላይ የገባው። እሱ ራሱ አጠለቀላት። ቀስ ብሎ። ጣቷን ይዞ።

«እህ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ጧፉን ጭናቸው ላይ ጥለው። «ምን ያለው ነው ይሄ? በሕማማት ይሳማል? አባቱ ቄስ አይደሉም እንዴ?»

«ተዉት እትዬ፣ ፍቅር ይዞት ነዋ» አለች ዜማ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«የምን ፍቅር አመጣሽ! በዚህ ሳምንት የሳመ ይሁዳ ነው የኔ ልጅ።»

ይሁዳ።

ዜማ በረዶ ሆነች።

ሰኞ እጁን የሸሸገው ይሄ ሰው አይደል? የቄስ ልጅ። ሕጉን ከማንም በላይ የሚያውቅ። ታዲያ ዛሬ ምን ሆኖ ነው? መናኸሪያው ውስጥ ያሉትን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻቸው። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል። ሁሉም ዘንባባ ቀለበት አጥልቀዋል። አንዷን ከአንዷ መለየት አይቻልም።

የተሳመችው ግን አንድ ብቻ ናት። በዚያ ቀን በደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አንድ ሴት ብቻ ናት የተሳመችው።

ምልክት ነው።

ቀና አለች። አሁን ነው ያየችው። ወፍራም አንገት፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ በሩ ጋ ተደግፎ የቆመ። ባዘዘው! የኩባንያው ሰው። ፎቶውን በሥልጠና አይታዋለች። እዚያ ከቆመ ቆይቷል። ባዘዘው ወደ የኔታ አንዴ ራሱን ነቀነቀና ነጭ ፒካፕ ውስጥ ገባ።

ጃንጥላውን አጠፈች።

ዘገየች። ማርያማዊት ጃንጥላው ተዘርግቶ አይታ፣ ተማምና ሚኒባሱ ውስጥ ገብታለች። የቁዩ ሚኒባስ ወጣ። ፒካፑ ተከተለ። የኔታ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ገባችሁ አይደል ነገሩ? ክሪስታሉ ከዕንቁ እጅ መንገድ ላይ ይዘረፋል፣ እሱን ማንም አይጠረጥረውም።

ስልክ መደወል አይቻልም። መልእክተኛ መንገድ ላይ ስልክ አይዝም።

ያኔ ደሞ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ተያት። ክሪስታሉ እኮ አንቺ ጋ ነው። በሌላ መኪና ደብረ ወርቅ ግቢ፣ አስረክቢ፣ ተልእኮው አለቀ። ዕንቁም… አለቀች።

ዜማ ሐሳቡን ሰማችው። እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቆማ ሰማችው።

ከዚያ ሮጠች።

«ጌቱ! ሞተርህን አስነሳ!»

ጌቱ የሠፈሯ ልጅ ነው፣ ሰው በሞተር እያመላለሰ ይኖራል። ስለ ምንም አያውቅም።

«ወዴት?»

«ቁይ!»

«በጾም አንጀቴ? ምን ሆነሻል፣ ፍቅረኛሽ ከዳሽ እንዴ?»

«አዎ ከድቶኛል!»

«እንደሱ ከሆነማ ያዢኝ! ሌላ ሴት ይዞ ነው?»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

ነዳ። አቧራው ቀይ ነው። ግራና ቀኝ ገበሬ ደረቁን መሬት ያርሳል። ጌቱ በየጠመዝማዛው «ቆይ ብቻ፣ እኔ ነኝ የምነግረው ለዚህ ባለጌ!» ይላል። ዜማ ጀርባው ላይ ተለጥፋ ሹሩባዋን በአንድ እጇ ይዛለች።

ቁይ ሳይደርሱ ሚኒባሱን አገኙት። መሃል መንገድ ላይ ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ ይጯጯሃል።

«ዘራፊ ነው! አንዷን ልጅ በመኪና ወሰዷት!» አለ ሾፌሩ። «ጎማ ለማፈንዳት ተኮሱብን!»

አለፉት። ጥቂት እንደሄዱ ጌቱ ፍሬን ያዘ።

ቦዩ ውስጥ ነጠላ።

ማርያማዊት ናት። ከሚሄድ መኪና ዘላለች። አንድ እግሯ ባልሆነ በኩል ታጥፏል። አፏ ደም በደም ነው። ጣቷ ላይ ቀለበት የለም።

«ጤፍ?» አለች። አልፎ አልፎ እንጂ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

«አለሁ። አትናገሪ።»

«ወሰዱት። ልውጠው ነበር። አፌ ውስጥ ከተትኩት… አፌን ከፍተው አወጡት። ጥርሴን ሰበሩት። አልለቅም አልኩ እኮ። አልለቅም አልኩ!» አለቀሰች። «ክሪስታሉን አጠፋሁት።»

ለጨው! ጥርሷን ያስሰበረችው ለአንድ ጠብታ ጨው ነው። ዜማ ሹሩባዋ ሥር ያለችው ካፕሱል አንገቷ ላይ እንደ ፍም ተሰማቻት። በነጠላዋ ጫፍ የልጅቷን አፍ ጠረገችላት።

«የኔታ ለምን እንደሳመኝ ግን አልገባኝም» አለች ማርያማዊት ቀስ ብላ። «ነክቶኝ አያውቅም። ደነገጥኩ። ሰው እንዳይነቃ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ነክቶሽ አያውቅም?»

«እኔን? ሁሌ ስላንቺ ነው የሚያወራው። ጤፍ እንዲህ አደረገች፣ ጤፍ እንዲህ አትሳሳትም። ጠልቼሽ ነበር እኮ፣ ይቅር በይኝ። በጣም ነበር የምቀናብሽ።»

ወይ ጉድ!

የዜማ ስልክ ጠራ። የኔታ።

ዜማ ለጌቱ «ዝም» አለችው በእጇ። አነሳችው።

«ጤፍ፣ የት ነሽ?»

«ላብራቶሪ።»

«ነፋስ ይሰማኛል።»

«መስኮት ከፍቼ ነው።»

«ዕንቁ ደውላልሻለች?»

«በምኗ? ስልክ እንዳትይዝ ያልካት አንተ አይደለህ?»

«ልክ ነሽ። ከላብራቶሪ እንዳትወጪ። እየመጣሁ ነው።»

«እሺ የኔታ።»

ድምፁ ያው ነው። ያ የምትወደው ድምፅ። ስልኩን ዘጋችና ባትሪውን አውጥታ ቦዩ ውስጥ ወረወረችው።

ተሳፋሪዎቹ ደረሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያወለቁ የማርያማዊትን እግር አሰሩላት። ጥይቱ ጎማውን ስቶት ነበርና ሾፌሩ በሚኒባሱ ቁይ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሳት አነሷት። ማርያማዊት የዜማን እጅ አልለቅም አለች።

«አብረሽኝ አትሄጂም?»

«አልችልም።»

«ለምን? አለቀ እኮ፣ ወስደውታል።»

ዜማ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ጌቱ ሞተሩን አስነሳ። አሁን እየቀለደ አይደለም።

«እህቴ፣ ይሄ የፍቅር ነገር አይደለም አይደል?»

«አይደለም።»

«አልጠይቅሽም።»

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ይሰግዳል፤ ይወድቃል፣ ይነሳል። ዜማ ነጠላዋን አጣፍታ ሴቶቹ መሃል ገባች። እየሰገደች፣ እየተነሳች፣ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች። ግንቡ ሥር ቢጫ ቆብ ያጠለቁ ቀጭን መነኩሲት አሉ። እማሆይ ወለተ ኪዳን። ቆቡ እውነተኛ ነው፣ ስለላውም እውነተኛ ነው።

አብራቸው ወደቀች። አብራቸው ተነሳች።

«እማሆይ፣ ስግደቱ አልጸናብዎትም?»

«ጉልበት ለሰጠው ይቀላል።»

ኮዱ ትክክል ነው። በሚቀጥለው ስግደት ግንባሯ መሬት ሲነካ ካፕሱሏን ከሹሩባዋ አውጥታ እማሆይ መዳፍ ሥር አስገባቻት።

«የምጠብቀው ቀለበት ነበር» አሉ እማሆይ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። «ዕንቁ የት አለች?»

«ቁይ ጤና ጣቢያ። ተሰብራለች። በሕይወት አለች።»

«ማን ሸጣት?»

«የኔታ።»

እማሆይ ወደቁ፣ ተነሱ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ክሪስታሉ ይሄ ከሆነ ከእሷ ላይ የወሰዱት ምንድን ነው?»

«ጨው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋት።

«አውቀሽ ነበር ማለት ነው? ገና ሳይከዳ ነቅተሽበት ነው የለወጥሽው?»

ሰው በዙሪያዋ ይወድቃል፣ ይነሳል። «እግዚኦ መሐረነ» ይላል። ዜማ መሬቱን አየች።

«አዎ እማሆይ።»

አለችው! በሕማማት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ እየሰገደች ዋሸች!

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ግሪዷ አዲስ አበባ ገባች። ማሽን ውስጥ ስትገባ ስድስቱ ኮከቦች ወጡ፣ ክሪስታሉም በአገሩ ስም ተመዘገበ። እነ ባዘዘው ቀለበቱን ፈትተው ያቺን ግሪድ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ አራት ማዕዘን! የኔታ ያታለላቸው መሰላቸውና በነሱ በኩልም ጠላት ሆነ። ከሁለት ወገን ሲሸሽ ዓርብ፣ በስቅለት ቀን፣ የደጀን ኬላ ላይ ተያዘ። ሲይዙት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ።

«ጤፍ ናት አይደል?»

ዜማ ይሄን ስትሰማ ምን ተሰማት መሰላችሁ? ደስ አላት። አፈረችም፣ ግን ደስ አላት። ከዚያ አለቀሰች።

ዶክተር አመተ ሥላሴ ከፋሲካ በኋላ ላብራቶሪ ሲመለሱ ነጩ ጋውን ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዜማ የምትባል ቴክኒሺያን የለችም። ስሟም ዜማ አልነበረም። አሁን ይጁቤ ገበያ ብትሄዱ አንዲት ትንሽዬ ሽንኩርት ሻጭ ታገኛላችሁ፣ ወይም አታገኟትም፣ ምክንያቱም ማንም አያያትም።

ማርያማዊት ግን ፈልጋ አገኘቻት። በክረምቱ መግቢያ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በምርኩዝ እያነከሰች መጣች። ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶቿ አዲስ ናቸው፤ ስትናገር ትንሽ ያፏጫሉ። ሽንኩርቱ ጎን ተቀመጠች።

«እማሆይ ነገሩኝ» አለች። «ቀድመሽ ነቅተሽ ለወጥሽው አሉ። እኔ በዚያ ቀን አጠፋሁት ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ መሰለሽ? ለካ አንቺ አድነሽዋል። እንዳንቺ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም። እህት የለኝም፣ እህቴ ሁኚ።»

አንድ ሴትዮ መጥታ «ሽንኩርቱ ስንት ነው?» አለች። ዜማ አልሰማችም። ማርያማዊት በአዲሱ ጥርሷ እየሳቀች ታያታለች፣ መልስ ትጠብቃለች።

ብትነግራት እህቷን ታጣለች። ባትነግራት ደሞ ያቺ ልጅ እስክትሞት ድረስ ጥርሷን ለጨው ያስሰበራትን ሰው ስታመሰግን ልትኖር ነው።

እኔ መወሰን አቅቶኛል፣ እውነቴን ነው። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ በዜማ ቦታ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?